ወሬ የሌለው ሰውዬ

እንደ ኦቶ የወደድኩት ጠላት የለኝም። መልኩን አላየሁም፤ ስሙም እውነት ኦቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ፣ በአንዲት የጣውላ ቤት፣ ካፖርታችንን ሳናወልቅ የምንሠራ ሴቶች። ኦቶ በሰሜን ባሕር ደሴት ላይ ብቻውን የተቀመጠ የጀርመን ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ጧት ጧት ለአለቆቹ በምስጢር ጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ የእኛዎቹ ከአየር ላይ ይጠልፉትና ጠረጴዛችን ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ የከነከነኝ የመልእክቱ ርዝመት ነው። ሁልጊዜ ያው ነው። ሰው በየቀኑ እኩል ወሬ ከየት ያመጣል?

“ወሬ ከሌለው ነዋ!” ብዬ ጮህኩ።

አለቃችን ወይዘሪት ክራብትሪ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። “እስቲ ሞክሪው፣ ሚልድረድ። ካልሆነ ግን የሳምንቱን ሻይ የምታፈዪው አንቺ ነሽ።”

ጀርመኖቹ የሚጽፉበት ማሽን ፊደሉን ሁሉ ያተራምሰዋል፤ ቁልፉም በየቀኑ ይቀየራል። ግን አንድ አመል አለበት፤ የትኛውንም ፊደል በራሱ አይተካውም። “ሀ”ን ብትመታ ሌላ ማንኛውም ፊደል ሊወጣ ይችላል፣ “ሀ” ግን በፍጹም አይወጣም። እናም “የሚነገር አዲስ ነገር የለም” የሚለውን በጀርመንኛ ጻፍኩና ከኦቶ መልእክት ሥር አስቀምጬ ወደ ጎን ገፋሁት። አንድ ፊደል ከራሱ ጋር ከተገጣጠመ ቦታው እሱ አይደለም ማለት ነው፤ እንደገና መግፋት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም ሳይገጣጠም ቁጭ አለ። ማሽኖቻችን ግምቴን ይዘው ሲሽከረከሩ ውለው የዕለቱን ቁልፍ አወጡት።

ሻይ ያፈላችው ወይዘሪት ክራብትሪ ናት።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ በዚያው ቁልፍ ሰርጓጅ መርከቦቻቸውም ይጻጻፉበት ነበር። ኦቶ “ወሬ የለም” ባለ ቁጥር እነዚያ የት እንዳደፈጡ እናነባለን፤ ጭነት መርከቦቻችንም መንገድ ይቀይራሉ። በአንደኛው ላይ ባለቤቴ ዋልተር እቶን ውስጥ ከሰል ይጨምራል። ስለዚህ የኦቶ መልእክት ካልመጣ ቁርስ አይወርድልኝም። ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሰነፍ ነው? ድመት አለው?

አንድ እሑድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚያበረው ወንድሜ ሲሪል እናታችን ቤት ምሳ መጣ።

“አንቺማ ምን አለብሽ፣ የጽሕፈት መኪናሽን ስትቀጠቅጪ ትውያለሽ” አለኝ ድንቹን እየጎረሰ።

ሳቅኩለት። ስለ ሥራችን ለወለደችን እናት እንኳ ላንተነፍስ ምለናል።

እናታችን ወደ ጓዳ ስትገባ ጠጋ አለ። “ለማንም እንዳትናገሪ። ረቡዕ አንዲት ጎጆ ላወድም ነው። ሰሜን፣ ደሴት ላይ፣ አንድ ጀርመን ብቻውን። ፎቶ አንስተነው፣ ካልሲውን ገመድ ላይ አስጥቷል!”

ካልሲ! ስለዚያ ሰውዬ በስንት ጊዜ ያገኘሁት ወሬ ነው። ድመትስ አያችሁ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የሰማሁት ነገር ገባኝ፤ ሊገድለው ያለው የእኔን ኦቶ ነው።

“ተወው ባክህ፣ ምን አደረገህ?”

“ጀርመን ነዋ! ይቺ ልጅ ምን ነካት?”

“ለአንድ ሰው ያን ሁሉ ነዳጅ…”

“ነዳጁን ካንቺ ኪስ አልጠየቅሁሽም!”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ድንች ጨመርኩለት።

ሰኞ ለወይዘሪት ክራብትሪ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ።

“ምክንያት ካልሰጠን ማን ይሰማናል? ምክንያቱን ከተናገርን ደግሞ ምስጢሩ አለቀለት።”

“ታዲያ ምን ይሻላል፣ እመቤቴ?”

“ታዲያማ እንደ ግትር አለቃ ያለ ምክንያት እናስከለክላለን። ይሰድቡናል፤ እንሰደባለን።” ስልኩን አነሳችና በሩን እንድዘጋው በእጇ ጠቆመችኝ።

ከለከሉ አልከለከሉ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ጧት ወረቀቱ እስኪመጣ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። መጣ። ርዝመቱ ያው ነው። ወረቀቱን ሳምኩት፤ አላፍርበትም።

በጸደይ ዋልተር በደህና ተመለሰ። ሲሪልም መጣና ከእናታችን ጋር አራት ሆነን ማዕድ ቀረብን። ዋልተር ባሕር ላይ ሳሉ ሁለቴ በድንገት መንገድ መቀየራቸውን አወራ። “ካፒቴናችን ሕልም እያየ ነው እንል ነበር” ብሎ ሳቀ።

ሲሪል ግን ቂሙን አልረሳም። “እኛ ሞተር አስነስተን ልንሄድ ስንል አንድ ቢሮ ውስጥ የተጎለተ ደንቆሮ ከለከለን! እናንተን ባሕር ላይ የሚያስፈጃችሁ እንዲህ ያለው ነው፣ ዋልተር።”

“ባገኘው አንገቱን ነበር የማንቀው” አለ ባለቤቴ።

ሲሪል ብርጭቆውን አነሳ። “አትሂዱ ያለን ምላሱ ይቆረጥ!”

“ይቆረጥ!” አለ ዋልተር። “ሚልድረድ፣ አንቺም በያ!”

ከሰል የገባበት እጁ እጄ ላይ ነበር፤ ይሞቃል። ብርጭቆዬን በሌላው እጄ አነሳሁ።

“ምላሱ ይቆረጥ” አልኩና ጠጣሁ።