አማካሪው «ጥሩ ነው» ካሉ

ቲዩርማ ሲታንጋንግ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜዋን በሙሉ የኪራይ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አረንጓዴው ወረቀት ያለፈችው ኮርስ ነው፤ ቢጫው ገና የሚወሰድ ነው፤ ሮዙ ምን እንደነበረ እሷም ረስታዋለች። የአካባቢ ጥናት ተማሪ ናት፤ አራተኛ ዓመት ልትጀምር ነው። የሰማራንግ ከተማ ወበቅ ማጣበቂያውን እያላቀቀው ወረቀቶቹ በየተራ ይወድቃሉ፤ አንስታ ስትመልሳቸው ደግሞ ቦታቸውን ትስታለች። በቀደም የመመረቂያ ጽሑፏን ከአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ በፊት ለጥፋው ስትጨነቅ ውላለች።

ነገሩ ያለ ወረቀትም የተወሳሰበ ነው። የባሕር ዳርቻ የመስክ ጥናት ለመውሰድ ስታቲስቲክስ መቅደም አለበት። ስታቲስቲክስ ከአፈር ሳይንስ ጋር በአንድ ሰዓት ይሰጣል። አፈር ሳይንስ «ሥነ ምህዳር ሁለት»ን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ ተሰርዟል፤ ተሰርዞም ግን ግዴታ ነው። ሬጅስትራር ሄዳ «የሌለ ኮርስ እንዴት ነው የምወስደው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጸሐፊዋ «ብዙ ልጆች ወስደውታል» አለቻት።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። አሁን ያልተፈታው የመስክ ጥናቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው። የትምህርት ወጪዋን የሚሸፍንላት የትውልድ አውራጃዋ ነው፤ አራት ዓመት ሲሞላ ያቆማል። ዘንድሮ ካመለጣት ሳትመረቅ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ቶባ ሐይቅ ተመልሳ የአጎቷን ጀልባ መቅዘፍ ነው። ዕቅዷን ማጽደቅ ያለባቸው አማካሪዋ ፓክ ዊርያዋን ናቸው (ፓክ እዚያ አገር «አባባ» እንደማለት ነው)፤ ምዝገባው ዓርብ ከሰዓት ይዘጋል።

ሰኞ ቤታቸው ሄደች። ፓክ ዊርያዋን ወደ ስልሳ የተጠጉ የአፈር ምሁር ናቸው። የጃዋ ሰው ናቸውና ሲናገሩ በረንዳው ላይ በሽቦ ጎጆ የተሰቀለችውን እርግባቸውን ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቁ ይመስላሉ። ጣፋጭ ሻይ ቀረበ።

«የባሕር ዳርቻ የመስክ ጥናቱን መውሰድ እፈልጋለሁ፣ ፓክ» አለች።

«ጥሩ ነው» አሉ። እርግቧን አዩ። «ጥሩ ነው፤ ጥሩ ነው። እዚያ ባሕሩ ጋ በዚህ ወቅት ፀሐዩ ይበረታል አይደል? እስቲ እናያለን። ሻይሽን ጠጪ፣ ልጄ።»

ጠጣች፤ አመሰገነች፤ እያንጎራጎረች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ክፍሏን የምትጋራት ጓደኛዋ ወኒንግ፣ ተወልዳ ያደገች የጃዋ ልጅ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ እየጠበሰች ነበር።

«ፈቀዱልኝ!»

«ቃል በቃል ምን አሉሽ?»

«‹ጥሩ ነው›።»

«ስንቴ?»

«ሦስቴ።»

ወኒንግ እሳቱን ቀነሰች። «አይዞሽ ቲዩር። ከልክለውሻል።»

«ጥሩ ነው አሉኝ እኮ!»

«አንዴ ቢሆን ተስፋ ነበረው። ስለ ፀሐይ ነገር አላነሱም?»

«አንስተዋል። ይበረታል አሉ።»

«በቃ፣ አልቋል።»

ቲዩርማ አልጋዋ ላይ ዘጭ አለች። «እኛ የሐይቅ ዳር ባታኮች እምቢ ስንል ጎረቤት ይሰማል። እናንተ ግን እንዴት ነው የምትጋቡት?»

«ቀስ ብለን» አለች ወኒንግ፣ ቴምፔውን እየገለበጠች።

«እሺ፣ ለምን ከለከሉኝ?»

«እሱንማ አይነግሩሽም። ነውር ነው።»

ቲዩርማ ሌሊቱን የሰኞውን ወግ ስታገላብጥ አደረች። ሻይ ጠጪ ማለትስ ምን ይሆን? እርግቧን ማየታቸውስ? ልጄ ያሏት አዝነውላት ነው? ሲነጋ ጭራሽ አከራይዋ «ደህና ዋይ» ሲሏት እሱም አጠራጥሯት ሳትመልስላቸው ወጣች።

ረቡዕ ሁለቱም ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄዱ። ቡ ሃስናዋቲ (ቡ «እማማ» እንደማለት ነው) የማካሳር ወደብ ሰው ናቸው፤ የባሕር ሰዎች ልጅ ናቸውና ወዲያኛው ጀልባ ላይ ላለ ሰው የሚጣሩ ይመስል ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት።

«የመስክ ጥናቱ? ይከፈታል እንጂ! ድሮ የሚያስተምረው ወደ ጃካርታ ሄደና ፓክ ዊርያዋንን ጠየቅኋቸው። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።»

ወኒንግ ሳል አነቃት። «ምን ብለው ነው የተቀበሉት፣ ቡ?»

«‹ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው› አሉ። ከዚያ ወግ ያዝን። ስለ ፀሐዩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጀልባ ሲያዩ ስለሚያጥወለውላቸው... ጨዋታ አዋቂ ሰው እኮ ናቸው!» አሉ ኃላፊዋ። «ብቻ ተማሪ የለም። የሚመዘገብ ከጠፋ ደግሞ እሰርዘዋለሁ። የዘንድሮ ልጆች ምን ነካችሁ?»

ውጭ ሲወጡ ወኒንግ ዛፍ ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች። ቲዩርማ አልሳቀችም፤ ነገሩ ገና እየገባት ነበር።

«ቆይ... እሳቸው እምቢ ብለዋል። ኃላፊዋ እሺ መሰላቸው።»

«አዎ።»

«አሁን ማንም እንዳይመዘገብ ተማሪውን ሁሉ ጥሩ ነው እያሉ ይመልሳሉ፤ ኮርሱ በራሱ ጊዜ እንዲሞት።»

«እንዴት ያለ ጨዋነት ነው!» አለች ወኒንግ፣ ከልቧ።

«ሄጄ ጀልባ እንደሚፈሩ አውቃለሁ ልበላቸው?»

«እሱን ካልሽ እሳቸው ከአገር ይሰደዳሉ፤ አንቺ ደግሞ ወደ ሐይቅሽ። ስለ ኮርሱ ቃል አይውጣሽ። ሌላ ሌላውን ብቻ አውሪ።»

«ምን ሌላ?»

«ማንኛውንም። ብቻ ዙሪያውን ሂጂ።»

ሐሙስ ቲዩርማ እንደገና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ ዙሪያውን ሄዳ አታውቅም። ስለ እርግቧ ላባ አወራች። ስለ ሻዩ አወራች። መሬት ላይ ቆሞም ጀልባ ካየ ስለሚያስመልሰው፣ የሐይቅ ዳር ሰው ሆኖ ፍየል ስለሚያረባው የአገር ቤት ጎረቤቷ አወራች። ፓክ ዊርያዋን ጎረቤቱ አሁን ደህና መሆኑን ጠየቁ።

«ደህና ነው፣ ፓክ» አለች። አሁን ላብ አጠመቃት። «እዚህኛው ባሕር ጋ ግን ውሃው ሲሸሽ ጀልባም አያስፈልግም አሉ። ማንግሮቭ ዛፎቹ ሥር በእግር ነው የሚገባው። ጭቃ ነው። ዝም ብሎ ጭቃ። ጭቃ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ...» የምትጨርስበት ጠፋት።

ፓክ ዊርያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከእርግቧ ነቀሉ።

«ጭቃው ጥቁር ነው ግራጫ?»

«አላውቅም፣ ፓክ።»

ሻያቸውን አማሰሉ። «ያስቸግራል» አሉ በመጨረሻ። «በጣም ያስቸግራል።»

ቲዩርማ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ቤቷ እንደደረሰች ቢጫዎቹን ወረቀቶች ከግድግዳው መንቀል ጀመረች።

«‹ያስቸግራል› አሉኝ» አለች፣ ሌላ ቢጫ እየነቀለች።

ወኒንግ ከተኛችበት ዘላ ተነሳች። «ያስቸግራል አሉሽ? አንቺ ልጅ፣ እሱን አታስቀድሚም! እያሰቡበት ነው ማለት እኮ ነው!»

ቲዩርማ የምታምነውን አጣች። ወረቀቶቹን መልሳ ለጠፈች፤ ቦታቸውን ሳተች፤ ተወችው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጣ ቁጭ አለች። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ከዕቅዷ አጠገብ «ጸድቋል» የሚል ቃል ብቅ አለ። የባሕር ዳርቻ የመስክ ጥናት። መምህር፦ ዊርያዋን። ከሥሩ አማካሪው ለሁሉም ተማሪዎቻቸው የጻፉት መልእክት ነበር፦ ጊዜ ያላችሁ ካላችሁ፣ ካላስቸገራችሁ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች ቲዩርማ።

«ትእዛዝ ነው» አለች ወኒንግ፣ የራሷን ኮርስ ልትቀይር እየተንደረደረች።

የመጀመሪያው የመስክ ቀን ውሃው ሸሽቷል። ፓክ ዊርያዋን ሰፊ ባርኔጣና እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርገው ከፊት ጭቃው ውስጥ ገቡ። ጥቂት እንደሄዱ ቆሙ። ተማሪዎቹ ሊያስረዱ ነው ብለው ደብተራቸውን አወጡ።

«ፓክ፣ ደህና ነዎት?» አለች ቲዩርማ።

«ጥሩ ነው» አሉ፣ ወደ የብሱ እያዩ። «ጥሩ ነው፤ ጥሩ ነው። ፀሐዩ አልበረታም?»

ቲዩርማ ደብተሯን ጥላ ሮጠች። በሁለት እጇ ብብታቸው ሥር ይዛ ሳበች። ሲወጡ አንድ እግራቸው በካልሲ ብቻ ወጣ፤ ቦቲው እዚያው ቀረ።

ፓክ ዊርያዋን በአንድ እግራቸው ቆመው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው፣ ካልሲያቸውን ያለበሰውን ጭቃ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ወደ ብርሃን አቀረቡት።

«ግራጫ ነው» አሉ።