ቢጫዋ ዓሣ ታማለች

ባሌ ቀለም ቀማሚ ነው። ደንበኛ የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ ሲመጣ ገና በዐይኑ አይቶ ምን ከምን እንደሚደባለቅ ይነግረዋል። ችግሩ ሙያውን ቤት ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው። ሁለት ፕሌኮ፣ እነዚያን አፋቸውን መስታወት ላይ ለጥፈው አረንጓዴውን ዝቃጭ ሲልሱ የሚውሉትን ዓሣዎች ገዝቶ ገንዳው ውስጥ ከጨመረ በኋላ፣ አንዴ አያቸውና ፈረደ፤ ቢጫዋ ሴት፣ ጥቁሩ ወንድ።

«በምን ዐወቅህ?» አልኩት።

«ቀለም አይዋሽም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት።

እንቁላል የታየው እኔ ዘጠነኛ የእርግዝና ወሬን ስይዝ ነው። ቢጫዋ የሸክላ ቧንቧው ውስጥ ገብታ፣ ብርቱካንማውን እንቁላል ታቅፋ በክንፏ ታራግባለች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ እናቴ በሕይወት የለችም፣ ስወልድ ከሥራ ፈቃድ ውሰድልኝ ብዬ ከለመንኩት ሰነበትኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ገንዳው ፊት አቆመኝ።

«ተፈጥሮን እያት እስቲ። እናት ትታቀፋለች፤ አባት ወጣ ብሎ ይሠራል።»

ጥቁሩ ይሠራው የነበረው ዱባ መብላት ነው።

ከዚያ ቢጫዋ ከቧንቧው ብቅ ስትል አፍንጫዋ ላይ ሥር የመሰለ፣ ቅርንጫፍ ያለው ነገር በቅሎ ባሌ አየ። ክው አለ። «ድካም ነው፤ ልጅ ማሳደግ ጎዳት» አለ። ለእኔ እግር ማበጥ አንድ ቀን እንዲህ አልደነገጠም። አውጥቶ መድኃኒት ውስጥ ሊነክራት መረብ አነሳ። መጀመሪያ የሸጡልህን ጠይቅ ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኩት።

ዓሣ ሻጯ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ትልቅ ሴት ናቸው። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጢም ነው።»

«የማን?»

«የአባትየው። ቀለሙን ተወው፤ ቢጫውም ጥቁሩም ወንድም ሴትም አለው። የዚህ ዘር ወንዱ የሚለየው አፍንጫው ላይ ባለው ጢም ነው። ሴቷ ቢኖራት እንኳ አፏ ዳር ትንሽ ነው።»

«እትዬ፣ ታዲያ እንቁላሉን የታቀፈው?»

«አባትየው ነዋ። ብታወጣው ኖሮ አንድም አይተርፍልህም ነበር።»

ባሌ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ሳቄ አመለጠኝና የዓሣ ምግብ የተደረደረበትን መደርደሪያ ተደግፌ ቆምኩ።

«እናትየዋስ ምን ትሠራለች?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ትበላለች፤ ታርፋለች።» ሴትየዋ ሆዴን አዩት። «ይገባታል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ እስኪዳር በባሌ ላይ ለማሾፍ የሚበቃኝ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ሄዶ ልቅሶ መጣብኝ።

«እፈራለሁ» አልኩት። «ልጁን ሳጥበው ከእጄ ቢያመልጠኝስ? ቤት ውስጥ ማንም የለም።»

እስከዚያች ቀን ይህን ነግሬው አላውቅም፤ የምጨቀጭቀው ስለ ፈቃድ ብቻ ነበር። እሱም ቁልፉን እንደያዘ ቆመ።

«እኔም እኮ እፈራለሁ» አለ። «ሥራ ቦታ ቢያንስ የማደርገውን ዐውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም እዚሁ ቤት እንፍራ» አልኩት።

በማግስቱ የፈቃድ ማመልከቻውን አስገባ።