የተዘጋው መንገድ ዳኛ

ጂቱ አህያዋን ከመንገዱ አራት እርምጃ ያህል ራቅ አድርጋ ሣሩ ላይ አቁማ፣ የላላውን ጭነት እንደገና ልትጠፍር ገመዱን እየፈታች ነበር። ጭነቱ ስድስት እስር የክዳን ሣር ነው። ከሱሉልታ ሜዳ ራሷ አጭዳ፣ ራሷ አስራ፣ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ያወጣችው ነው። አህያው ጆሮውን ጥሎ የራሱን ጭነት ጫፍ ያኝካል።

«ተው! እሱ ለአንተ አይደለም» አለችውና አፉን ገፋ አደረገችው።

ታች ቀበና ላይ ደቦ ይጠብቃታል። ዐሥራ አንድ ጎረቤት የዛሬን ቀን ለእሷ ሰጥቶ፣ ግድግዳውና ወጋግራው ቆሞ ክዳን ብቻ የቀረውን ቤቷን ከቦ ተቀምጧል። ነገ የሌላ ሰው ተራ ነው። ልጇ ዲንቄ ከወለደች ገና ዐሥር ቀኗ ሲሆን፣ ከነሕፃኗ የተኛችው በሰው በረት፣ ከጥጆች ጋር ነው። ሣሩ ዛሬ ካልደረሰ ደቦው ይበተናል፤ ክረምቱም ዲንቄን እዚያው በረት ውስጥ ያገኛታል።

መንገዱ ዝግ መሆኑን ጂቱ ታውቃለች። ጭቃ ሹሙ ከራጉኤል ደጅ እስከ የካ መውረጃ ያለውን የተራራውን ጫፍ መንገድ ለሦስት ቀን የጭነት እንስሳ እንዳይረግጠው አስነግሯል። ምክንያቱ ኃይለ መስቀል የሚባል ሰው ነው። ሐረር ከባሕር ማዶ በመጣ ነጋዴ ቤት ሲያገለግል ቆይቶ፣ ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ የሚሄድበት መንኰራኩር ይዞ መጥቷል። እሑድ በመኳንንቱ ፊት ይጋልበዋል፤ ሹመትም ይጠብቃል። እስከዚያው አህያና በቅሎ በሌለበት መንገድ ከወዲያ ወዲህ እያለ ይለማመዳል። ጂቱ በሱሉልታ በኩል ባለው ኬላ ከሌላው መንገደኛ ጋር እስከ ረፋድ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት፣ በጥዱ መሀል በፍየል ዱካ ወጣች። አሳቧ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ተሻገረችውም። ጭነቱ የላላው ከተሻገረች በኋላ ነው።

የመጨረሻውን ቋጠሮ እንደፈታች ከመታጠፊያው ወዲያ ብረት ሲንኳኳ ሰማች። ቀና አለች። ከፊት የሰው ቁመት የሚያህል መንኰራኩር፣ ከኋላ ሰፌድ የማታህል ትንሽ፣ ከላይ ኩታውን ደረቱ ላይ ያሰረ ሰው።

«ዘወር! ዘወር በይ!»

ወዴት ዘወር ትበል? እሷ ያለችው ሣሩ ላይ ነው። ሰውዬው መታጠፊያውን መታጠፍ አልቻለም፤ ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ መጣባት። አህያው ዘለለ። ያልተጠፈሩት እስሮች ግራና ቀኝ ወደቁ፤ አህያው ግን ሁለት ጊዜ ዘሎ ከሣሩ ጫፍ ካለው የገደል አፋፍ ጠፋ። ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ፤ ቀጥሎ ምንም አልተሰማም። ገመዱ በጂቱ እጅ ቀረ።

አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ቁልቁል አየች። አህያው ከታች በጎኑ ተዘርሯል፤ አንገቱ ወደማይሆንበት አቅጣጫ ዞሯል። ስትነሣ ሰውዬው ጉልበቱ እየደማ መንኰራኩሩን አንሥቶ፣ ቀጫጭን ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካካ ያያል።

«አህያዬ ሞተ» አለችው።

«መንኰራኩሬ ተሰብሮ ቢሆን አንቺንም አስከትልሽ ነበር። ዝግ መንገድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጌታው፣ ሣሩ ላይ እኮ ነው የቆምኩት!»

መንኰራኩሩ ረጅም ስለሆነ ድንጋይ ላይ ሳይቆሙ አይወጡበትም፤ እሱም መወጣጫ ድንጋይ ይፈልግ ጀመር። አግኝቶ አንድ እግሩን ሲያነሣ ጂቱ ከኋላው ጮኸች፦

«በንጉሥ አምላክ፣ ቁም!»

እግሩ አየር ላይ ቀረ። ይህን ቃል ሰምቶ የሄደ ሰው ለአህያ ሳይሆን ለንጉሥ ነው የሚጠየቀው። ጂቱ ቀርባ የኩታውን ጫፍ ከኩታዋ ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አይለያዩም። ዳኛ ለማግኘት ደግሞ ሩቅ አይኬድም፤ መንገድ ላይ የተገኘ አላፊ አግዳሚ በዚያው ቃል ተይዞ ይፈርዳል።

ኃይለ መስቀል ቋጠሮውን አየና ሳቀ። «በይ ጥሪዋ ዳኛሽን! አላፊም የለ፣ አግዳሚም የለ። ወፍ ይፍረድልሽ?»

እውነቱን ነው። መንገዱ ወዲያም ወዲህም ጭር ብሏል። ጥዱ ብቻ ያፏጫል።

«የዘጋህበት ቦታ ሰው አለ» አለች። «ኬላው ጋ እንሄዳለን።»

ሳቁ ቆመ። መንኰራኩሩን ይዞ መግፋት ጀመረ፤ የገፋው ግን ወደ ኬላው አይደለም። ወደ ሣሩ ነው። ጂቱ መጀመሪያ አልገባትም። አፈሩ ላይ ስታይ ገባት። መንኰራኩሩ ከመንገዱ ሲወጣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ጥሏል፤ ሰውዬው እግሩን እየጎተተበት ያንን መስመር ሊያጠፋው ነው።

ቋጠሮውን ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች። አንገቱ ታንቆ ሲንገዳገድ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከአንዱ እስር ሁለት ጭብጥ ሣር መዘዘች። መስመሩ ላይ አልብሳ ሦስት ድንጋይ ጫነችበት። የክዳን ሣር ነው፤ መምዘዙ አሳዘናት።

«እብድ!» አላት አንገቱን እያሸ።

«ወደፊት!»

ኬላው ድረስ እየተጓተቱ ሄዱ። መሀል ላይ ድምፁን አለዘበ። «ስሚኝ፣ ፍቺኝ። እሑድ ይለፍና በአንድ አህያ ፈንታ ሁለት እሰጥሻለሁ።»

«እሑድ ሲያልፍ ሹም ትሆናለህ። የዚያን ጊዜ ማን ያስገባኛል ደጅህ?»

«እንግዲያው እንዳታለቅሺ።»

«ለአህያዬ ያላለቀስኩ ለአንተ አላለቅስም።»

ኬላው ላይ ኢቲቻ የሚባለው ጠባቂ ዱላውን አጋድሞ ቆሟል። ከዱላው ወዲያ ከጧት ጀምሮ የታገደው ሕዝብ፣ በቅሎው፣ አህያው፣ ፍግ ላይ የተቀመጠው ልጅና አሮጊት ሁሉ ይጉላላል። ሁለቱ ተቋጥረው ብቅ ሲሉ አንዱ ጮኸ፦

«እልል በሉ፣ ሙሽሮቹ መጡ!»

«በቅሏቸው ምነው ከሳች?» አለ ሌላው። «አጥንቷ ብቻ ቀርቷል!»

ኃይለ መስቀል ወደ ጠባቂው ዞረ። «ኢቲቻ ይዳኘን።»

«ኢቲቻ መንገዱን የሚዘጋልህ ሰው ነው» አለች ጂቱ። «እኒያ ሽማግሌ ይዳኙን።»

የጠቆመችው አዱኛ የሚባሉትን ሸክላ ነጋዴ ነው። የጫኑት እንስራ ከእንስሳው ሳይወርድ ፀሐይ አናታቸው ላይ ደርሷል።

«እኒህማ ተቆጥተውብኛል!» አለ ኃይለ መስቀል።

«ተቆጥቻለሁ» አሉ አዱኛ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «እዚህ ያለው ሁሉ ተቆጥቷል። ያላገድከው ሰው ካለ ፈልገህ አምጣ፣ እሱ ይፍረድ።»

ኃይለ መስቀል ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየ። አንድም የለም።

ሽማግሌው ሁለቱንም አስማሉና አዳመጧቸው። እሱ «ዝግ መንገድ ገባችብኝ» አለ። እሷ «መሻገሩን ተሻግሬያለሁ፤ አህያዬ ግን የሞተው መንገድ ላይ ሆኖ አይደለም» አለች። አዱኛ ተነሥተው ኩታቸውን አጣፉ።

«ቦታውን ልየው።»

«አባቴ፣ መንገዱ እኮ ዝግ ነው» አለ ኢቲቻ።

«ዐዋጁ የጭነት እንስሳ ነው ያለው። ምን ጭኜ አየኸኝ?»

ኢቲቻ ዱላውን አነሣ። አዱኛ አለፉ፤ እንስሳቸውን ለሌላ ያስያዙ አምስት ስድስት ሰዎችም ተከተሏቸው። ቦታው ሲደርሱ ጂቱ ድንጋዮቹን አንሥታ ሣሩን ገለጠች። መስመሩ አለ። ከመንገዱ ወጥቶ፣ ሣሩን ሰንጥቆ፣ የአህያው ኮቴ አፈሩን ከቧጨረበት ላይ ያበቃል። አዱኛ ከመንገዱ ጠርዝ ጀምረው በእግራቸው ለኩት፤ አራት እርምጃ።

«ዐዋጁ መንገዱን ሰጠህ እንጂ ሣሩን አልሰጠህም» አሉ። «አህያ ትተካለህ። አንቺም ዐዋጅ ተላልፈሽ ተሻግረሻል፤ በዚያ ጭቃ ሹሙ ይጠይቅሽ፣ የኔ ነገር አይደለም። አህያው እስኪመጣ ዋስ አለህ?»

«ዋስ የሚሆነኝ!» አለ ኃይለ መስቀል ጮክ ብሎ።

ሰዎቹ ጥዱን ያያሉ። አንዱ ጥርሱን ይፍቃል።

«እንግዲያው መንኰራኩሩ መያዣ ይሆናል፤ እሷ ቤት ይቀመጥ። ቋጠሮው የሚፈታውም እዚያ ካስገባህ በኋላ ነው። ሣሩን ደግሞ የሚሸከመውን አህያ ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ አንተው አድርስ።»

«እሑድ እኮ መኳንንቱ ፊት እቀርባለሁ!»

«እስከ እሑድ አህያ አይጠፋም።»

አራቱ እስር በአህያው ገመድ መንኰራኩሩ ላይ ተጠፈረ። ሁለቱን ጂቱ ተሸከመች። ኩታቸው እንደተቋጠረ ወደ ቀበና ቁልቁል ወረዱ። መንኰራኩሩ ሸክም ስላልለመደ በየድንጋዩ ይጋደማል፤ በተጋደመ ቁጥር ኃይለ መስቀል ይራገማል፤ ጂቱ ቆማ ትጠብቀዋለች እንጂ አታግዘውም።

«እኔን የአህያ ምትክ!» አለ አንድ ጊዜ።

«እሱ እንዲህ አይጮህም ነበር።»

ሲደርሱ ደቦው ሊበተን ተነሥቷል። ከማገሩ ላይ የሚወርዱት ሰዎች ሣሩን ሲያዩ ተመልሰው ወጡ። ማንም ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ጊዜ አልነበረም። እስሩ ከታች ይወረወራል፣ ከላይ ይቀለባል። ያ የመንኰራኩሩን መስመር የሸፈነው ሁለት ጭብጥ ሣር መጨረሻ ላይ ለጉልላቱ ሥር በቃ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኃይለ መስቀል በቋጠሮው ተይዞ፣ እሷ በዞረችበት እየዞረ፣ ትቢያ ሲዘንብበት ቆየ።

ክዳኑ አልቆ ዲንቄ ልጇን ታቅፋ ስትገባ፣ መንኰራኩሩም ገብቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። ዲንቄ አየችው፤ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከእሱ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

አሁን ቋጠሮው መፈታት አለበት። ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ውሎ ድንጋይ ሆኗል። ጂቱ በጥርሷ ሞከረች፣ እምቢ አላት። ከግድግዳው ላይ ወስፌ ነቀለች።

«ወታደር ይዤ ነው የምመለሰው» አላት ኃይለ መስቀል ከአናቷ በላይ።

«አህያ ይዘህ ና።»

«ይህን ቤት አስፈርሰዋለሁ።»

«እጅህን አታንቀሳቅስ፣ እወጋሃለሁ።»

የወስፌውን ጫፍ ከእጥፉ መሀል አስገብታ ቀስ እያለች ፈለቀቀች። አንዱ ቋጠሮ ላላ፤ ሁለተኛው ተከተለ። እሱ ኩታውን ነጥቆ ወጣ። ጂቱ የራሷን ኩታ ጫፍ ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተጨማደደውን በመዳፏ አስተካከለች፤ ወስፌውንም ከነቀለችበት ቀዳዳ መልሳ ሰካችው።