የቻላቸው ሥዕል በጆንያ

በድሩ የሰፋው ጆንያ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ አያንጠባጥብም። ይህን የሚለው ራሱ በድሩ ነው፤ ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያሽግና ሲያስጭን ስለኖረ የሚከራከረው የለም። በጉብዝናው ከወሎ መጥቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸምግሎ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አንድ አመል አለው፤ ሌላ ሰው በነገረው መንገድ መሥራት አይወድም።

ሐመልማል ሥዕሎቿን ጎንደር እንዲያደርስላት ስትለምነው እሺ ለማለት አላንገራገረም። የተቀየመው በወረቀቱ ነው። ጎንደር ላይ የሥዕል ትርኢት ያዘጋጁት ሰዎች ዘጠኝ ሥዕሎች ለሃያ ቀን አውሺን ብለው ረጅም ወረቀት ልከዋል። የእያንዳንዱ ሥዕል ቁመትና ወርድ፣ ያለበት ጭረት ሁሉ፣ ሳይቀር ይሞላል፤ ይፈረማል። ሥዕሉ ሲሄድ እንዴት እንደነበረ፣ ሲመለስም እንደዚያው መሆኑን ወረቀቱ ይመሰክራል። ድንበር ላይም ዕቃው የሚሸጥ ሳይሆን ሄዶ የሚመለስ መሆኑ የሚታወቀው በሱ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ «በእንጨት ሣጥን ይታሸግ» የሚል ትእዛዝ አለ።

«ለኔ ነው ማሸግ የሚያስተምሩኝ?» አለ በድሩ። «ሣጥን እኮ ሌባ ይጠራል።»

ሐመልማል ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ፣ እዚያ ሪክሻ የሚሉት የባጃጅ ሹፌር አግብታ የቀረች ሴት ናት። የሎሪ ቀለም ቀቢዎች የሚያተርፉትን ቀለም እየለመነች በአሮጌ ጆንያ ላይ ትሥላለች። ሰው መጀመሪያ ይስቅባት ነበር፤ በኋላ ፊቱን እንድትሥልለት ደጇ መቆም ጀመረ። አሁን ግን ወንድ ልጅ ወልዳ ገና ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አራስ ሆና የትም መሄድ አትችልም።

«ዓሚ በድሩ፣ አጎቴ» አለችው፣ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ስምንቱ ቢጠፋ እንደገና እሠራለሁ። ይኸን ግን በሞቴ...»

ዘጠነኛው ሥዕል ወንድሟን ቻላቸውን እስከ ደረቱ የሚያሳይ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት መፋዛ ሰሊጥ ሊያጭድ ይዛው የመጣችው እሷ ናት፤ ካላዛር ያዘውና በሦስት ወር ውስጥ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። አገር ቤት ግን «በጥይት ነው የተገደለው» የሚል ወሬ ቀድሞ ደረሰ። እናቷ እትዬ ሸጊቱ ወሬውን አመኑ። «ልጄን ወስደሽ አስገደልሽ፤ አሁን ደግሞ በሽታ ነው ብለሽ ትዋሺኛለሽ» አሏት በስልክ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳን አንሥተው አያውቁም። የሟቹ ፎቶግራፍ እሳቸውም ጋ፣ እሷም ጋ የለም። ከሥዕሉ በቀር ፊቱ የትም አልቀረም።

የትርኢቱ ሰዎች ጎንደር የተጠጉትን እትዬ ሸጊቱን ፈልገው ሥዕሉን እንዲያዩ ጋብዘዋቸዋል። «ፊቱን ከሆነ እመጣለሁ፤ ከሷ ጋር ግን ነገር የለኝም» ብለዋል እሳቸው።

«ፊቱን ካዩት ይለዝባሉ» አለች ሐመልማል። «እየሳቀ ነው የሣልኩት። ሳይታመም በፊት እንደነበረው።»

በድሩ «ወላሂ አቧራ አይነካውም» አላት።

ስምንቱን ሥዕሎች በስፖንጅና በአንሶላ ጠቅልሎ ገለባ በተሞላ ጆንያ ከተታቸው። የቻላቸውን ግን፣ እንቁላል በጤፍ ውስጥ ቀብረው እንደሚልኩት፣ በንጹሕ ሰሊጥ መሀል አስተኛው። ሰሊጥ ለስላሳ ነው፤ ሎሪው ቢዘል ሰሊጡ ይሸከመዋል። ከሌላው እህል እንዲለይ አፉን በአረንጓዴ ክር ሰፋው፤ በሥራው ኮርቶ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። እህል በጫነ ሎሪ ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ድንበሩ ገላባት እስኪደርስ እጁን ከጆንያው ላይ አላነሣም።

ገላባት ላይ ሎሪው ተፈተሸ። የሥዕሎቹ ወረቀት ታየ፤ ማኅተም ተመታ፤ ኸላስ፣ አለቀ። ከዚያ እህሉን የሚያየው ሰው ሹልና ጎድጓዳ ብረቱን ይዞ መጣ። ይህ ብረት ጆንያው ሆድ ውስጥ ይገባና እፍኝ እህል ይዞ ይወጣል፤ የእህል ጥራት የሚታየው እንዲህ ነው። የእህል ሰው ደግሞ ብረቱ ሲመጣ ጆንያውን በጉልበቱ ደግፎ ያዘነብላል፤ በድሩ በዕድሜው ስንት ሺህ ጊዜ እንዳዘነበለ ቆጥሮትም አያውቅም።

ሰውየው የድሮ ትውውቅ ነበር። «ሐጂ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?» አለው። በድሩ «አልሐምዱሊላህ» እያለ አንዱን ጆንያ አዘነበለለት፤ ሁለተኛውን አዘነበለለት። ስለ ታናሽ ልጁ ሠርግ እየነገረው ሦስተኛውን አዘነበለለት። ብረቱ ገባ፤ ከውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። በድሩ ዝቅ ብሎ አየና አረንጓዴውን ክር አየ።

ማንም አላስገደደው፤ ማንም አልተሳሳተበት። በገዛ እጁ፣ በገዛ ጉልበቱ ደግፎ ነው ያስወጋው። ጆንያውን ቀዶ ሥዕሉን ሲያወጣው ቻላቸው እንደሳቀ ነው፤ ግራ ደረቱ ላይ ግን አውራ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ። በድሩ ሎሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለሐመልማል ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ ወኔው ከዳውና መልሶ ከተተው። ትርኢቱ የሚከፈተው በማግሥቱ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስም አልሆነለትም።

ጎንደር ላይ የተቀበለችው የትርኢቱ ኃላፊ ብፅአት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው።

«እዚህ ቀዳዳ የሚል የለም።»

«የኔ ሥራ ነው» አላት፤ ሁሉንም ነገራት። ቆጣ ልትል አስባ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ከኋላው ቢለጠፍ ለነገው ትርኢት እንደማይደርቅ ነገረችው፤ እንዲሁ ይሰቀል ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀችው።

«ይሰቀል። እናቱ ለፊቱ ብለው ነው የሚመጡት።»

እትዬ ሸጊቱ ረፋዱ ላይ መጡ፤ ቀጭን፣ ፊታቸው የጠቆረ ሴት ናቸው። ወደ ሌሎቹ ሥዕሎች ዞር እንኳ ሳይሉ ቀጥ ብለው ሄደው ልጃቸው ፊት ቆሙ። «ቻሌ» አሉ። እንደሱ ሳቅ አሉ፤ በድሩ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አየና ልቡ ተረጋጋ። ከዚያ ጣታቸው ከጉንጩ ወርዶ ደረቱ ላይ ደረሰና ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ። «ይኸው የጥይቱ ቦታ! አራት ዓመት ሙሉ ስትክደኝ ኖራ፣ አሁን ራሷ ሥላ ላከችልኝ!»

በድሩ ዝም ቢል ከብፅአት በቀር የሚያውቅበት የለም፤ ግን ዝም ካለ ያቺ አራስ እናቷን ለዘለዓለም አጣች።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ጥይት አይደለም። እኔ ነኝ። ትናንት ገላባት ላይ በስህተት ያስወጋሁት እኔ ነኝ።»

«እሷ ናት እንዲህ በል ያለችህ!»

«በአላህ ስም...»

«ማልልኝ አላልኩም!» አሉና ነጠላቸውን ጠምጥመው ወደ በሩ ዞሩ።

ያኔ ብፅአት ያንን በድሩ የጠላውን ወረቀት ይዛ ፊታቸው ቆመች። «እማማ፣ ይቺን ብቻ ሰምተው ይሂዱ። ይኸ ገዳሪፍ ላይ፣ ሥዕሉ ሳይታሸግ በፊት፣ ለእርስዎ ሳይሆን ለኛ የተጻፈ ነው፤ የገላባት ማኅተምም አለበት።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ሥዕል ቁጥር ዘጠኝ። ቻላቸው፣ ሊታመም አንድ ሳምንት ሲቀረው። ግራ ጆሮው አጠገብ ትንሽ ጭረት አለ። ሌላ ምንም ጉዳት የለበትም። ሐመልማል።»

እትዬ ሸጊቱ ተመልሰው ሥዕሉ ጋ ቀረቡ፤ ጆሮው አጠገብ ያለውን ጭረት ፈልገው አገኙት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሊታመም ሲቀረው ነው የሚለው?»

«አዎ እማማ።»

«ሌላ ጉዳት የለበትም?»

«የለበትም።»

ወንበር ሰጧቸው። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ያለቀሱት ግን ቅድም እንደጮኹት አልነበረም፤ ልጃቸው ሲታመም አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያላለቀሱትን ነው ያለቀሱት። በድሩም አብሯቸው አለቀሰ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ገላመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ የምትወጋው አጣህ?»

«አጣሁ እትዬ» አለ በድሩ።

«እሷስ ለምን ራሷ አላመጣችውም? እኔን ፈርታ ነው?»

«አራስ ናት እኮ። ወንድ ልጅ ነው። ዛሬ ሃያ አምስተኛ ቀኑ።»

ሴትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ማን እያረሳት ነው?»

«ጎረቤቶች። ሲመቻቸው ብቅ ይላሉ።»

በድሩ የፈራውን ስልክ ያኔ ደወለ። ሐመልማል «ደረሰ?» ስትለው እየተንተባተበ ስለ ብረቱ፣ ስለ ቀዳዳው ነገራት። ይቅር በይኝ ሊል ሲል እትዬ ሸጊቱ ስልኩን ከጆሮው ነጠቁት።

«ሐመልማል።»

ከወዲያ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«ሐመልማል፣ እኔ ነኝ። ገንፎ የሚያገነፋልሽ አለ?»

«...የለም፣ እማ።»

«በይ ልጁን አጥቢው፤ እያለቀሰ ነው። ሥዕሉ ሲመለስ እኔ ነኝ አቅፌው የምመጣው።»