ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ

ሹፌሩ ሹራብ መሥራት የጀመረው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ይህንኑ ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ቀን ሳይጋጭ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ከገዛ ቤቱ ደረጃ ተንሸራቶ የቀኝ እጁን አንጓ ሰበረ። ጀሶው ሲፈታ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። እጁን የምታሠራው ወጣት ባለሙያ፣ "አባባ፣ ጣቶችዎ ሥራ ይፈልጋሉ። ወይ ሊጥ ያቡኩ፣ ወይ ሹራብ ይሥሩ" አለችው። ሊጡ የማይታሰብ ነው፤ ልጁ ወጥ ቤቷን እንደ ድንበር ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ ሹራቡ ቀረለት።

ለሕክምና ብሎ ጀመረው እንጂ ነገሩ ከሕክምና አልፎ ሄደ። ጣፈጠው። የሚያሳፍረውም ይኸው ነበር፤ መድኃኒት የሚጣፍጠው ሰው ምን ይባላል? ክሩና መርፌው የሚኖሩት ድሮ መፍቻና ካቻቢቴ ይይዝበት በነበረው ቦርሳ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ "ወዴት ነው?" ያለው ሰው ካለ፣ "የሆነ ሰው ቧንቧ ላበጅ" ይላል። በዚህ አያያዙ የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አበጅቷል።

የሚሄደው ወደ ክር ሱቁ ጓዳ ነው። እዚያ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ግድግዳውን ሞልቶ በየቀለሙ የተደረደረ ክር አለ። ባለ ሱቋ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ትቀመጣለች፤ ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ትመጣለች፤ ዋናዋ ግን ስልከኛዋ ናቸው። ስልከኛዋ ዕድሜያቸውን ስልክ ቤት ተቀምጠው የሰውን መስመር ሲያገናኙ የኖሩ፣ ድምፃቸው ገና ያላረጀ ሴትዮ ናቸው። የሹፌሩን ደረቅ ጣቶች አንድ በአንድ እየያዙ መርፌው ላይ ያስቀመጡለት እሳቸው ናቸው። "ኧረ እንዲህ አይጨብጡት! መሪ አይደለም፣ የትም አይወስድዎትም" ይሉታል። እሱም "እሺ እትዬ" እያለ እንደ ተማሪ ይታዘዛል።

የተማረው የመጀመሪያ ነገር ጠርዝ ነው። ክሩን ወደ ኋላ አድርገው የሚሠሩትን "ቀጥታ"፣ ወደ ፊት አምጥተው የሚሠሩትን "ግልባጭ" ይሉታል። ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልባጭ እያሉ ሲያፈራርቁት እንደ ላስቲክ የሚሳብ ጠርዝ ይወጣል። ስልከኛዋ ጮክ ብለው ይቆጥሩለታል፤ እሱም ተከትሎ ይቆጥራል፤ ኋላ ኋላ ሁሉም አብረው ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ከአፉ አልወርድ አለ። ደረጃ ሲወጣ፣ ፊቱን ሲታጠብ፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልባጭ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ጡረተኞችና ቦርጫሞች ቱታቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ከፊታቸው የሚቆመው እሱ ነው። እዚያ ስሙ "አሠልጣኝ" ነው። "ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ የኖረ ጉሮሮ ስላለው ሲቆጥር ሰፈሩ ይነቃል። እጁ ተሰብሮ እንኳ በጀሶው እየጠቆመ አሠርቷቸዋል። ይህችን ማዕረጉን ይወዳታል። የሜዳው አፈኛ ደግሞ ባለ ሉካንዳው ነው። ባለ ሉካንዳው ሥጋ ብቻ አይደለም የሚቆርጠው፣ ስምም ይቆርጣል። አንድ ዝናባማ ጠዋት የሚስቱን አበባማ ጃንጥላ ይዞ የመጣው ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ "እትዬ ጃንጥላ" ነው። ሹፌሩ ይህን ባሰበ ቁጥር ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል።

ነገሩን ያበላሸው አንድ ደስ ያለው ከሰዓት ነው። ለልጅ ልጁ የሚሠራውን ሹራብ ሁለተኛ እጅጌ ጨርሶ፣ ሴቶቹ ተቀባብለው አይተው፣ "አቤት ጠርዝ! እኩል እኩል!" ብለው አድንቀውለት ነበር። ስልከኛዋ በዚያው መሐል ሐኪም እንዲንቀሳቀሱ እንዳዘዛቸው፣ ስኳራቸውም ጉልበታቸውም እንዳስቸገራቸው አነሡ።

"እርስዎ የሚሠሩበት ሜዳ ሴት ይመጣል?" አሉት።

"ምን ችግር አለ እትዬ! እኔ አለሁ አይደል? ይምጡ! የማሠራው እኮ እኔ ነኝ።"

ሲሞገስ ሰው ቤቱንም ይሰጣል። ይመጣሉ ብሎ ግን አላሰበም።

መጡ። ገና የሱቅ እጥፋቱ ያልለቀቀው ሰማያዊ ቱታ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ከላይ በገዛ እጃቸው የሠሩት ቢጫ ሹራብ። የጎሉ ብረት አጠገብ ቆመው በፈገግታ እጃቸውን አነሡለት። ሹፌሩ እጅ ወደ ላይ እያሠራ ነበር። አያቸው። ዐይኑን መለሰ፣ እንዳላየ ሊሆን ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ምላሱ ግን እሱን ጥሎት ሄደ።

"አንድ! ሁለት! ሁለት ቀጥታ! ሁለት ግልባጭ!"

ሰልፈኛው መታዘዝ የለመደ ነው። ግማሹ ወደ ኋላ ዞረ። አንድ የድሮ ሒሳብ ሹም በሆዱ ተገልብጦ ተኛ። ባለ ሉካንዳው ብቻ እጁን እንደ ሰቀለ ቀረ።

"አሠልጣኝ፣ ግልባጩ ለማን ይድረስ? ለመዝገብ ቤት?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ስልከኛዋም ሳቁ። የሳቁ ተካፋይ የሆኑ መስሏቸው እያነከሱ ቀረብ አሉና፣ "ተዉአቸው እባካችሁ፣ እኛ ጋ ስንሠራ ለምዶባቸው ነው" አሉ።

"እናንተ ጋ የት ነው፣ እትዬ? ምንድን ነው የምትሠሩት?" አለ ባለ ሉካንዳው። ወደ ሹፌሩ ዞረ። "ታውቃቸዋለህ እንዴ?"

"ሹራብ እንሠራለን" ቢል ያልቅ ነበር። ትንሽ ይስቁበት ነበር፣ እትዬ ምናምን ይሉት ነበር፣ ያልፍ ነበር። ሹፌሩ ግን የሰልፈኛውን ፊት አየ፣ የቢጫውን ሹራብ አየ።

"እኔ? ኧረ አላውቃቸውም" አለ። ይህም አልበቃው ብሎ፣ "ሰው ተሳስተው ይሆናል" አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የፊተኛው ወለምታ በሳቅ ይታሽ ነበር። ይኸኛው ግን ወለምታም አልነበረም፤ አስቦ፣ መርጦ፣ አጥርቶ የተናገረው ነው።

የስልከኛዋ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በስልክ ቤት ድምፃቸው፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሌላ ሰው መስለውኝ ነው" አሉና ዞሩ። ሜዳው ረጅም ነው፣ ጉልበታቸው ደግሞ አይፈጥንም። ሹፌሩ ጀርባቸው ከበሩ እስኪወጣ ድረስ መቁጠር ነበረበት፣ ቆጠረም። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው እግሩን አጥፎ ይገባላት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክር ሱቁን ሸሸ። ሹራቡ አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አንገት እንዴት እንደሚዘጋ አያውቅም፣ የሚያውቁትን እትዬ ደግሞ አላውቃቸውም ብሏል። የልጅ ልጁ በየቀኑ እያመጣች ጭንቅላቷን ልታስገባ ትሞክራለች። "አባባ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?" ስትለው፣ "እጄን አሞኝ ነው" ይላታል። ውሸት አንዴ በር ካገኘች ቤተሰቧን ይዛ ነው የምትገባው።

በመጨረሻ ይቅርታውን መንገድ ለመንገድ እየተለማመደ ሄደ። "እትዬ፣ ያን ቀን እኔ…" ጓዳው ሲገባ የስልከኛዋ ወንበር ባዶ ነበር። ባለ ሱቋና ፋርማሲስቷ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ጀግናችን መጡ!" አለች ባለ ሱቋ።

ሹፌሩ ቀልድ መሰለው። ፊቷን አየ፤ ቀልድ አይደለም።

"እትዬ ሁሉንም ነገሩን እኮ! ለጓደኞችዎ 'አስተማሪዬ ናቸው' ብለው አስተዋወቋቸው። ሜዳውን እጃቸውን ይዘው አዞሩአቸው። እኔማ እንባዬ መጣ።"

"ወንድ ልጅ በአደባባይ ሲመሰክር እንዴት ደስ ይላል!" አለች ፋርማሲስቷ። "የኔው ባል እኔ የሠራሁለትን ለብሶ ሰው ሲጠይቀው፣ 'ከሱቅ ነው' ይላል። እስቲ ከእርስዎ ይማር።"

ሹፌሩ ጆሮው ድረስ ነደደ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሁለቱ ሴቶች ዐይን ውስጥ የቆመው ሰው በጣም ጥሩ ሰው ነበር፣ ሊያፈርሰው አልቻለም። "እሳቸውስ?" ብቻ አለ።

"ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቀሩ። አብዝተው ሳያሯሩጧቸው አልቀሩም!" ብለው ሳቁ።

ይቀመጡ ብለው ሻይ ቀዱለት። ጠጣው። ያልሠራውን እየተመሰገነ ሻይ ጠጣ። ስልከኛዋ ለምን እንደዋሹ የገባው ስኒው ሲጋመስ ነው። በፊት ለእሱ ስም ብለው መስሎት ነበር። ለካ የተካደ ሰውም ያፍራል። አላውቃትም ተባልኩ ብሎ መናገርን የመሰለ ምን ውርደት አለ? የእሱን ነውር እሳቸው ተሸክመው፣ አሳምረው፣ ቤት አስገብተው ነበር። ስኒውን አስቀምጦ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

ባለ ሉካንዳው ነጭ ካፖርቱን ለብሶ የሉካንዳው በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩን አላስቻለውም። መንገዱ መሐል ቦርሳውን ከፈተና አንገት የሌለውን ሹራብ ጎትቶ አወጣ፤ ልቃቂቱ ወድቆ እስከ ደረጃው ተንከባለለ።

"ይኸውልህ! ሹራብ ነው! የምሠራው እኔ ነኝ! በል ሳቅ!"

ባለ ሉካንዳው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ልቃቂቱን አነሣለት።

"እናውቃለን እኮ" አለ።

"ምኑን?"

"ሹራቡን ነዋ። የልጅ ልጅህ ከእናቷ ጋር በመጣች ቁጥር 'አባባ ሹራብ እየሠራልኝ ነው' ስትል ያልሰማ ደንበኛ የለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፣ ወንድሜ። ስም ሁሉ ወጥቶልህ ነበር።"

"ምን ብላችሁ?"

"ልቃቂት።" ያን ጊዜም አልሳቀም። "ስቀን ስቀን ጨርሰን ነበር። ያን ጠዋትም ስለ ግልባጩ የጠየቅኩህ፣ አንተው ነግረኸን እንድንገላገል ብዬ ነው። ሴትዮዋ በዚያ ጉልበታቸው ብቻቸውን ሲወጡ ግን… ተከትዬ ልሸኛቸው ነበር፣ አንተን ላዋርድህ መስሎኝ ተውኩት። ያፈርንብህ በሹራቡ አይደለም።"

ሹፌሩ ክው አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ የተደበቀው ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ ነበር፤ የደበቀውን ሁሉም ያውቃል፣ ያሳየውን ደግሞ ሁሉም አይቷል። ልቃቂቱን ተቀበለና ሹራቡን ቦርሳው ውስጥ ሳይመልስ በክንዱ ይዞ ሄደ።

የስልከኛዋ ቤት አንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲወጣ ምንም አልቆጠረም። በሩን አንኳኳ።

"ማን ልበል?" አለ ድምፃቸው ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እኔ ማን?"

ሹፌሩ ነኝ ሊል ነበር። ለእሳቸው ሹፌር ማለት ያ ጓዳው ውስጥ የሚታዘዛቸው ሰው ነው፤ በዚያ ስም ለመጠራት ምን አፍ አለው? ከላይ ፎቅ የሰው ኮቴ ይሰማል። ከንፈሩን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋና በሹክሹክታ፣ "ሜዳ ላይ አላውቃቸውም ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ዋሽቼ ነው፣ እትዬ። አስተማሪዬ ነዎት" አለ።

የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀስ እያለ መጥቶ ከበሩ ኋላ ቆመ። መቀርቀሪያው ግን አልተነካም።

"አልሰማሁም፣ ጌታዬ" አሉ። "መስመሩ ጥሩ አይደለም። ጮክ ብለው ይናገሩ።"

ከላይ አንድ በር ተከፈተ። ከታች ባልዲ የያዘች ሴት ደረጃው ላይ ቆማ ወደ እሱ ቀና አለች። ሹፌሩ ትንፋሹን ሰበሰበና ሕንጻው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።