የጮሌው ፊልተር

የካሜራ ዕቃ ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ጮሌው የምንለው ሻጭ ግን ሌባ ነው፤ ፊቱ ላይ ስለነገርኩት እዚህ ብደግመው ሐሜት አይባልም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከጮሌው ሱቅ ለሌንሳችን መከላከያ ዩቪ ፊልተር፣ ፊቱ ላይ የሚታሰር ክብ መስታወት፣ ገዛች። ሌንሱ የጋራችን ነው፤ የምንበላው በእሱ ነው። «ያለ ፊልተር ከቤት አይወጣም» የሚል ሕግ ያወጣችው ግን እሷ ብቻዋን ናት። ያንን ፊልተር አስሬ ቲያትር ቤት ሄጄ ተውኔት ፎቶ አነሳሁ። የመድረኩ መብራት በመስታወቱ ተንጸባርቆ ንግሥቲቱን በምትጫወተው ተዋናይ ጉንጭ ላይ ሦስት አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣለ። አዘጋጁ ፎቶዎቹን አይቶ፣ «ንግሥቴን ኩፍኝ አስወጣህባት። ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ትርኢቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የእትዬን ፊልተር ፈትቼ ቤት ትቼ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጮሌው ሱቅ ገባሁ። አንዲት ሴት አዲስ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ያንኑ ዓይነት ፊልተር ታገላብጣለች።

«ደህና ፊልተር ስጠኝ። ለእህቴ የሸጥክላት የመስኮት መስታወት ነው» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ከዚህ የተሻለ ብትዞር አታገኝም። ነጸብራቅ የሚከላከል ሽፋን አለው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

«ካርቶን ላይ ምን የማይጻፍ አለ!»

አንዱን ከካርቶኑ አውጥቼ የባንኮኒው መብራት ስር አዘነበልኩት። ሽፋን ያለው መስታወት አምፖሉን አደብዝዞ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ለውጦ ነው የሚመልሰው። ይሄኛው አምፖሉን ነጭ አድርጎ እንዳለ መለሰልኝ። ጺሜን ልላጭበት እችል ነበር።

«አየህ?»

«አምፖል አየሁ። ሱቄ አምፖል አለው፣ ምን ላድርግልህ? ሌንስህ ላይ ሳታስረው ምን ታውቃለህ? የዛሬ ጊዜ ሰው፣ ሁሉም አስተማሪ!»

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ፊልተር የሚታሰረው በሁለት ጣት፣ በእርጋታ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ግራ ዞር ተደርጎ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ሲገናኝ ወደ ቀኝ። ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ያን ቀን ግን ስድብ እየመለስኩ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠመዘዝኩት። ተንጋዶ ገባና ነከሰ። ብጎትተው ባዞረው ንቅንቅ አልል አለ።

ጮሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከመሳቢያው የፊልተር መፍቻ አወጣና ዓይኔ ሥር አወዛወዘው።

«ጌታው፣ ስሙን ያጠፋህበትን ዕቃ ስሙን መልስለት። ለዚህች እህታችን ጥሩ ነው በላትና አሁኑኑ እፈታልሃለሁ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «ጥሩ ነው እንዴ?»

አንድ ቃል ነው የተጠየቅኩት። ቲያትር ቤቱ ሩቅ ነው፤ ይህን ነገር ይዤ ብሄድ ንግሥቲቱ ዳግመኛ ኩፍኝ ይወጣባታል፣ እኔም እባረራለሁ። አፌን ከፈትኩ። ጮሌው ጥርሱን አግጦ ሲጠብቅ አየሁት።

«እዚህ መብራት ስር አድርጊና እዪው፣ እህቴ» አልኳት። «ከዚያ ራስሽ ፍረጂ።»

ጮሌው መፍቻውን መሳቢያው ውስጥ ወርውሮ ቆለፈ። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ።

«ልትመታኝ ነው?» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጫማ ላንተ ይበዛብሃል።»

ጫማውን ባንኮኒው ላይ ገልብጬ የሌንሱን አፍ የሶሉ ጎማ ላይ ተጭኜ ማዞር ጀመርኩ። በጣት ሲጨብጡት ቀለበቱ ይጣመምና ይብስ ይነክሳል፤ ጎማ ግን አብዛኛውን ዙሪያውን እኩል ይይዛል።

«ባንኮኒዬ ላይ! ያንን እግርህን የምትነክርበትን!»

በሁለተኛው ሙከራ ቀጭ ብሎ ተፈታ። ፊልተሩን ጫማዬ ካረፈበት ቦታ ተውኩለት። ሴትየዋም ታገላብጠው የነበረውን አጠገቡ አስቀምጣ፣ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

ቲያትር ቤት በባዶ ሌንስ አነሳሁ፤ የሌንሱን የመብራት መከለያ ኮፍያ ብቻ አጥልቄ።

እሑድ ጠዋት እትዬ ፎቶዎቹን አጉልታ የንግሥቲቱን ጉንጭ አንድ በአንድ ፈተሸች። ጉንጩ ንጹሕ ነው። አዘጋጁም ለሚቀጥለው ትርኢት ጠርቶኛል። እሷ ግን «ጎበዝ» የምትል ዓይነት ሰው አይደለችም። ሌንሱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

«ያለ ፊልተር አወጣኸው።»

«ነጠብጣብ አለ? የለም!»

«የሌንሱ ጥርስ ላይ ያለው ጭረትስ?»

«ጮሌው» ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የጠመዘዘው እጅ ግን የእኔ ነው።

«እኔ ነኝ። ተናድጄ።»

ሌንሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት፣ ቁልፉንም ኪሷ ከተተችው።

«ደህና ፊልተር ይዘህ፣ ንዴትህም በርዶልህ ስትመጣ እከፍትልሃለሁ።»

ፊልተሩን ማክሰኞ፣ ከሌላ ሱቅ፣ መብራት ስር አይቼ ገዛሁ። እትዬ ግን ንዴትህ አልበረደም ብላ ቁም ሳጥኑን እስከ ዛሬ አልከፈተችልኝም።