ሰም ያልጠጣ ጥቅል

«ሰም ያልጠጣ ጥቅል ጆሮ አለው» የምትለው ታናሽ እህቴ ነበረች። እኔ ግን በትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት በሥርዓቱ ማስረዳትን እመርጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያገኘው ከክሮቹ ሥር በተቀመጠ ማግኔት ዙሪያ ከተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። ተጠምጥሞ ሲያበቃ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል፤ ሰሙ በዙሮቹ መካከል ገብቶ ሲረጋ ሽቦው መንቀጥቀጡን ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ክሩን ብቻ ነው። ሰም ካልጠጣ ግን የሰው ንግግሩም፣ ሳሉም፣ የወንበር መንቋቋቱም ይገባበታል።

«የሊቃውንቱ ቅኔ ሰምና ወርቅ ነው፤ የእኛ ሰምና መዳብ» ትል ነበር እህቴ። ሙዚቀኞቹ ዕቃውን ፒክአፕ ይሉታል። አንድ ደንበኛ ቃሉን መኪና መስሎት «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ቢላት፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ስምንት ሺህ ዙር፤ ጎማም አያስፈልገው» አለችው።

ሃያ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። እኔ በፊተኛው ክፍል እንጨቱን እፈለፍላለሁ፣ አንገቱን አቃናለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አለሰልሳለሁ፤ እርሷ በኋለኛው ክፍል ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና በሠራሁላት መጠምጠሚያ ፊት ተቀምጣ ሽቦውን ትጠመጥማለች። መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር ነው። ቆጣሪ መሣሪያ ባመጣላት አላመነችውም። ጮክ ብላ ከአንድ እስከ መቶ ትቆጥራለች፤ መቶ ሲሞላ ጠቅላላውን ጠርታ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ታሰምራለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ስለ ነበር፣ ቆጠራዋን እንደ ግድግዳ ሰዓት ለምጄው ነበር።

የሞተች ዕለት ረፋዱ ላይ አንድ ደንበኛ መጣ። ሥራውን እያገላበጠ ሲያደንቅ «ከእንጨቱ እስከ ሽቦው የእጄ ሥራ ነው» አልሁት። ከመጋረጃው ማዶ ቆጠራው ቆመ። ሰውዬው ሲወጣ ብቅ አለች።

«ጋሽዬ፣ እኔ ምንህ ነኝ? መዘውሩ?»

«ነገር አታብዢ። ለደንበኛ የሚነገረው እንዲያ ነው።»

ሳትመልስልኝ ገባች። ከምሳ በኋላ ለገዛ ልጇ የምንሠራውን ጊታር ጥቅል ጀመረች። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆጠረች በኋላ «ጋሽዬ» ብላ ጠራችኝ። እጄን አቆምሁ። የጠዋቱን ነገር ልታነሣብኝ መሰለኝ፤ «ትቆይ» ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ ቆጠራው መቋረጡን ልብ ብዬ መጋረጃውን ስገልጥ፣ ራሷን በመዘውሩ ላይ አስደግፋ አገኘኋት። ሐኪሙ «ልቧ ነው» አለ፤ «ቶሎ ቢደረስላት ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ለልጇ «ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ነው የሄደችው» አልኋት። «እንኳንም አልተሰቃየች» ብላ በዚያ ቃል ተጽናናች። ያው ቃል ለእኔም መሸሸጊያ ሆነኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ጥቅሉን ራሴ ለመጨረስ ተቀመጥሁ። በሰሌዳው ላይ ሃምሳ ሁለት መስመር ነበር። ያቆመችበት ሽቦ ላይ የቀይ ቀለም ነጥብ አደረግሁና፣ አፌን ዘግቼ በቆጣሪው መሣሪያ እስከ ስምንት ሺህ አደረስሁት። ሰም ሳላጠጣው ለሙከራ ከጊታሩ ላይ ገጥሜ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁት። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ እንደ ወትሮው አጉረመረመ። ከጉርምርምታው ውስጥ «ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት» የሚል ድምፅ መጣ።

ሬዲዮ ጠልፎ ይሆናል ብዬ ሽቦውን ሁሉ ፈተሽሁ። በዕድሜዬ ጥንቆላ ደጅ ያልረገጥሁ ሰው ነኝ። ድምፁ ግን የእርሷ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ይዟት የነበረው ጉንፋን ሳይቀር ይለያል። «አምስት ሺህ ሁለት መቶ» አለ፤ ጠመኔው ሲፋቅ ተሰማ፤ እስከ አሥራ አራት ተቆጠረና «ጋሽዬ» አለ። ከርቀት፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ሲፈትግ ይሰማል። ፍተጋው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያም ቀጠለ።

እጄ ነበር። ከእርሷ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚሰማው እንዴት እንደ ሆነ ያን ዕለት ዐወቅሁ። መጥራቷ ብቻ ቢሆን «በሥራው ጩኸት አልሰማሁም» ይባል ነበር፤ ያቺ መቆም ግን መስማቴን ትመሰክራለች።

ልጅቱ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ጊታሯን ልትወስድ ቀጠሮ ነበራት። ከሰባት ሰዓት ጀምሬ ሰሙን በፈላ ውኃ ላይ አቀለጥሁ። ጥቅሉን ሰም አጠጥቼ ላደነቁረው ቈርጬ ነበር። የመጀመሪያውን ብሎን ልፈታ ስይዝ በሩ ተከፈተ፤ የእህቴ ልጅ ናት፤ አጎቷን እኔን አባባ ነው የምትለኝ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ! ምነው እንዲህ አላበዎት? ሻማ ነጋዴ ሆኑ እንዴ?»

«ቀድመሽ መጣሽ።»

«ሆነ ብዬ ነው። እማዬ ‹ሰም ከመጠጣቱ በፊት መጥተሽ ስምሽን ንገሪው› ብላኝ ነበር። ሰምና ስም እያለች ስትቀልድ ያውቋት የለ?»

«አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል።»

«መብራቱ በርቶ?» ብላ ሳቀች፤ ጊታሩን ከጠረጴዛው አንሥታ ሰካችው።

አጉረመረመ። «ሰማንያ ስምንት» አለ።

ልጅቱ አልጮኸችም። ጊታሩን እንዳቀፈች ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ! ቀድተዋት ነበር እንዴ?»

«አልቀዳሁም።»

«ይሁን። ዝም ይበሉ፣ አባባ።»

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። እርሷ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። «አምስት ሺህ ሁለት መቶ።» ጠመኔው ተፋቀ። አንድ፣ ሁለት። አሥር ሳይደርስ አጠፋዋለሁ አልሁ በልቤ። ሰባት፣ ስምንት። ዘጠኝ ላይ ልጅቱ ከእናቷ ጋር አብራ መቁጠር ጀመረች፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።

«ጋሽዬ።»

ፍተጋው ቆመ። ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ከአምፕሊፋየሩ የወጣው እርሱ ብቻ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ ሳይዛነፍ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ።

«ቆመ እኮ» አለች።

«ቆመ።»

«ሰምተዋል ማለት ነው?»

እጄን ከማጥፊያው አነሣሁ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ሰምተሃል» አለች።

አፍ ከፈታች ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም።

«ሰምቻለሁ። ለጠብ የጠራችኝ መስሎኝ ነው።»

«ለጠብ! እሷ ሰው ለጠብ ጠርታ ታውቃለች? ሲከፋት ዝም ነው የምትለው። ሃያ አንድ ዓመት አብረሃት ስትሠራ ይቺን እንኳ አልቆጠርክም?»

ሰሙ በምድጃው ላይ ይንተከተካል። ሄጄ አጠፋሁት።

«እስከ የት ድረስ ነው የእሷ?» አለችኝ።

«እስከ ቀዩ ነጥብ።»

«የቀረው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይውለቅ።»

ጥቅሉን ከጊታሩ አውጥታ፣ በእናቷ ወንበር ተቀምጣ የእኔን ዙሮች ፈታቻቸው፤ ሽቦው እንደ ተላጨ ፀጉር ወለሉ ላይ ተከመረ። ቀዩ ነጥብ ላይ ስትደርስ ቈረጠችው፤ እናቷ እንዳስተማረቻት አዲስ ሽቦ በየደችበት።

«ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

ሄድሁ። አንድ አንገት አንሥቼ መፈተግ ጀመርሁ፤ እጄ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከመጋረጃው ማዶ «አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት» ተባለ። አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ መሰኪያው እግሬ ሥር ወድቆ ነበር። ቆጠራው ሃምሳን እንዳለፈ «ጋሽዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የያዝሁትን ጥዬ ሮጥሁ፤ መጋረጃው ከነዘንጉ ወረደ። ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ መዘውሩን ታዞራለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሃምሳ ሦስት። አልጠራሁህም። ሃምሳ አራት።»

«አሁን ጠርተሽኛል!»

«ሃምሳ አምስት» አለች። የክንዷ ፀጉር ግን ቆሞ ነበር። «እዚሁ ቁም፣ አባባ። የትም እንዳትሄድ።»

ከአጠገቧ ቆምሁ። ያን ጊዜ፣ ማንም ከሌለበት ከፊተኛው ክፍል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ እንጨቱን ይፈትግ ጀመር፤ ሳይቸኩል፣ ሳይዛነፍ። ልጅቱ ዞር ብላ እጆቼን አየች። ባዶ ነበሩ።

«ሃምሳ ስድስት» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።